ምርመራ ሳይደረግ ስለታዘዘ የዓይን ጠብታ የቀረበ ቅሬታ

ለእንስሳት ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ድመቴ በታዘዘላት የስቴሮይድ ጠብታ ስለደረሰባት የዓይን ጉዳት

ድመቴን ከ3 ዓመት በፊት ከመንገድ ሳነሳት ሁለቱም ዓይኖቿ በዓይናር ተጣብቀው፣ አፍንጫዋም በንፍጥ ተደፍኖ በአፏ ትተነፍስ ነበር። ከሞት ብትተርፍም በግልገልነቷ የያዛት የድመት ሄርፒስ ቫይረስ የአፍንጫዋን ውስጠኛ ስስ አጥንት ስለጎዳው፣ የሳይነስ ሕመሙ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ አድብቶ እንደሚኖርና ጭንቀት ሲያገኛት እንደሚያገረሽ አውቄ ነው የማስታምማት። በየማለዳው ዓይኗን በራሰ ንጹሕ ጨርቅ እጠርጋለሁ፤ አፍንጫዋ ሲዘጋ ሽታ ካልደረሳት ስለማትበላም ምግቧን ለብ አድርጌ አቀርብላታለሁ። ስለዚህ ቅሬታዬ «ለምን አልዳነችም» የሚል አይደለም።

ባለፈው ወር የግራ ዓይኗን መጨፈን ስለጀመረች ወደ ክሊኒካችሁ አመጣኋት። ሄርፒስ እንዳለባት በራሳችሁ ካርድ ላይ ተጽፎ እያለ፣ ተረኛው ሐኪም ዓይኗን በባትሪ ብቻ አይተው «አለርጂ ነው» በማለት ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ በቀን 4 ጊዜ አዘዙላት። በኮርኒያ፣ ማለትም በዓይን ፊተኛው ግልጽ ሽፋን ላይ ቁስል መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው የፍሎረሲን ቀለም ግን አልተደረገላትም። ይህ ምርመራ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ቀለሙ ዓይን ላይ ተደርጎ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ የቆሰለው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ስቴሮይድ በቆሰለ ኮርኒያ ላይ ሲደረግ ቁስሉ እንዳይጠግግ ያደርጋል፣ ቫይረሱም እንዲበረታ በር ይከፍታል፤ ሄርፒስ ያለባት ድመት ሳትመረመር ይህ ጠብታ ሊታዘዝላት የማይገባውም ለዚህ ነው።

በ4ኛው ቀን ዓይኗ ጭጋግ እንደለበሰ መስተዋት ደፈረሰ፤ እርሷም ብርሃን ሸሽታ አልጋ ሥር ገባች። ስደውል ጠብታውን እንድቀጥል ተነገረኝ፣ እኔም አምኜ ቀጠልኩ። ሌላ ሐኪም ዘንድ ቀለሙ ሲደረግላት የኮርኒያዋን ሲሶ ያህል የያዘውን አረንጓዴ ቁስል በዓይኔ አየሁት። ጭንቅላቷን ደግፌ፣ እያባበልኩ፣ የሚጎዳትን ነገር በገዛ እጄ ስጨምርባት መክረሜን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ጠብታው ቆሞ ፋምሲክሎቪር የተባለ የሄርፒስ ቫይረስ መድኃኒትና የአንቲባዮቲክ ቅባት ሲታዘዝላት ቁስሉ በ3 ሳምንት ጠገገ። ጠባሳው ግን ቀርቷል፤ ዛሬም በግራ በኩል እጄን ሳስጠጋላት ትደነግጣለች።

በመሆኑም ምርመራው ለምን እንደተዘለለና ስደውል የመለሰልኝ ሠራተኛ ሐኪም ሳያማክር መልስ የሰጠበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ የካርዷ ሙሉ ግልባጭ እንዲሰጠኝና ለጠብታው የከፈልኩት እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ከእንግዲህም የትኛውም እንስሳ ኮርኒያው በቀለም ሳይታይ የስቴሮይድ ጠብታ እንዳይታዘዝለት ለሐኪሞቻችሁ የጽሑፍ መመሪያ እንድታወጡና መውጣቱን እንድታሳውቁኝ እፈልጋለሁ። መልሳችሁን በ10 ቀናት ውስጥ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የድመቷ አሳዳጊ