ለአባባ፦ አጣማሪ ስላጣችው ግሬሲያ

ይድረስ ለውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የልጅ ልጅዎ ትምህርት ቤት ባድሚንተን ጀምራለች። ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም።

የሥራ ጓደኛዎ ካረፉ ወዲህ፣ ባለፈው ስንደዋወል «ከእንግዲህ ከማን ጋር ልሥራ? ሲንጀሩን፣ የስፌት መኪናዬን ሽጡልኝ» ያሉኝ ነገር ከሆዴ አልወጣም። በስልክ ምን እንደምልዎ ጠፋኝ። ዛሬ ግን ልጅቷ ስላስተዋወቀችኝ ሴት ልጽፍልዎ ነው። ግሬሲያ ፖሊ ትባላለች፤ ኢንዶኔዥያዊት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ባድሚንተን በጥንድ የተጫወተች ሴት ናት።

ጨዋታውን መጀመሪያ ልንገርዎ። የሚመታው ነገር ኳስ አይደለም፤ 16 የዝይ ወይም የዳክዬ ላባ ቡሽ ላይ ተሰክቶ የተሠራ ነው። ክብደቱ 5 ግራም ገደማ ነው። በጥንድ ሲሆን ሁለት ሁለት ሆነው በመረብ ይለያያሉ። ሲያጠቁ አንዷ መረቡ ጋ ትቆማለች፣ ሌላዋ ከኋላ ትመታለች። ሲከላከሉ ጎን ለጎን ይሆናሉ። ይህ ቦታ መቀያየር በሰከንድ ውስጥ ነው፤ ለመነጋገር ጊዜ የለም። እኔ ሳየው ትዝ ያለኝ የመርካቶው ሱቅ ነው። እርስዎ በጠመኔ አስምረው ይቆርጣሉ። ገና መቀሱን ሳያስቀምጡ ጓደኛዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጨርቁን ከእጅዎ ወስደው መርፌው ሥር አስገብተውታል። ቃል አትለዋወጡም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ምን እንደሚጎድል አውቃለሁ አባባ።

ግሬሲያ በ1987 ጃካርታ ተወለደች። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልዎ።) ትልቁ ውርደት የደረሰባት እዚሁ ለንደን፣ በ2012 ኦሎምፒክ ነው። ያኔ አጣማሪዋ ሜይሊያና ጃውሃሪ ነበረች። ከምድባቸው ማለፋቸውን ስላረጋገጡ የመጨረሻውን ጨዋታ ማሸነፍ አልፈለጉም፤ ያሸነፈ በሚቀጥለው ዙር ከኃይለኛ ቻይናውያን ጋር ይገናኛላ! የገጠሟቸው ኮሪያውያንም እንደዚያው ነበር ሐሳባቸው። ሆን ብለው መረብ ላይ ይመታሉ፣ ከመስመር ያወጣሉ። የዌምብሌይ አዳራሽ ተመልካች ጮኸባቸው። በማግስቱ ከቻይና፣ ከኮሪያና ከኢንዶኔዥያ 8 ተጫዋቾች ከውድድሩ ተባረሩ። የምድብ አወጣጡ መሸነፍን የሚያዋጣ አድርጎት ነበርና ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ ነው አልልም። ግን ሰው ከፍሎ ገብቶ እንዲህ ማድረግ አይገባም፤ መባረራቸው ልክ ነበር።

ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያቆም ነበር። እሷ ከኒትያ ማሄስዋሪ ጋር ተጣምራ በ2014 ኮሪያ፣ ኢንቾን ከተማ ላይ የእስያ ጨዋታዎችን ወርቅ ወሰደች። ኢንዶኔዥያ በሴቶች ጥንድ ይህን ወርቅ ካገኘች ከ1978 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በሪዮ ኦሎምፒክ ሩብ ፍጻሜ ላይ ወደቁ። ከዚያ የኒትያ ጉልበት ተጎድቶ ቀዶ ጥገና አስፈለጋት። ግሬሲያ ዕድሜዋ ወደ 30 እየተጠጋ ነው፤ አጣማሪ የላትም። ልታቆም አሰበች። አሰልጣኟ ኢንግ ሂያን ግን «ቆይ፣ ወጣቶቹን አግዢ» አላት።

በ2017 የሰጧት አፕሪያኒ ራሃዩ የምትባል የ19 ዓመት ልጅ ናት። በ11 ዓመት ገደማ ታንሳታለች። ጉልበት አላት፣ ጉጉት አላት፣ ልምድ የላትም። ግሬሲያ ይህችን ልጅ ከፊቷ አቁማ እንደገና ከሀ መጀመር ነበረባት። ለኔ ከወርቁ የሚበልጠው ይሄ ነው። በዚያው ዓመት የፈረንሳይን ዋንጫ አብረው አነሡ።

ከቶኪዮ ኦሎምፒክ በፊት በነበረው ታኅሣሥ ግሬሲያ አገባች፤ በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሟ ሞተባት። ያም ሆኖ ኦገስት 2 ቀን 2021 ለፍጻሜ ቀረቡ። በኮቪድ ምክንያት አዳራሹ ባዶ ነው። ተጋጣሚዎቻቸው ቻይናውያኑ ቼን ቺንግቼን እና ጂያ ዪፋን ናቸው። በሁለተኛው ዙር ላይ ነጥቡ ሳያልቅ የግሬሲያ ራኬት ክር ተበጠሰ። ሮጣ ወጥታ ሌላ ራኬት ከቦርሳዋ አነሣች። እስክትመለስ ድረስ ልጅቷ ሜዳውን ለብቻዋ ያዘችላት! ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ሁሌም እንባዬ ይመጣል። 21 ለ19፣ 21 ለ15 አሸነፉ። ኢንዶኔዥያ በሴቶች ጥንድ ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ነው። ግሬሲያ 34 ዓመት ሊሞላት ቀናት ብቻ ቀርተዋት ነበር። ለአፕሪያኒ የትውልድ አካባቢዋ አስተዳዳሪ አምስት ላምና ቤት ቃል ገቡላት፤ ይሄኛውን እንደሚወዱት አውቃለሁ።

በ2022 ግሬሲያ ጃካርታ ላይ ሕዝቡ ቆሞ እያጨበጨበላት ተሰናበተች። አፕሪያኒም ባዶ እጇን አልቀረችም። ሲቲ ፋዲያ ከምትባል ሌላ ወጣት ጋር ተጣምራ በዚያው ዓመት የማሌዥያን ዋንጫ ወሰደች።

አባባ፣ የጎረቤታችን ልጅ ሁለት ጊዜ ደጅዎ መጥቶ «አብረን እንሥራ» እንዳለዎት ሰምቻለሁ። «ችኩል ነው» ብለው መለሱት አሉ። ይሆናል። ግን ቴክኒክና ሙያ ተምሯል፣ ኦቨርሎክ ያውቃል፣ ዓይኑም እጁም ደህና ነው። ሱፍ መቁረጥ ግን አያውቅም፤ የሚያስተምረውም የለም። ሰፈር ውስጥ እንደ እርስዎ ኮት የሚቆርጥ ማን ቀረ? የጓደኛዎን ቦታ ይተካል አላልኩም። ማንም አይተካቸውም።

እስኪ እስከ ፋሲካ ብቻ ይሞክሩት። የሱቁን ኪራይ እስከዚያ እኔ እከፍላለሁ፤ ከእህቴ ጋር ተነጋግረናል። እርስዎ ይቁረጡ፣ እሱ ይስፋ። ሲንጀሩን ባለሙያ አይቶ ዘይት እንዲያደርግለት ለእህቴ ነግሬያታለሁ፤ ሐሙስ ይዛው ትመጣለች። እርስዎ ልጁን ያስጠሩትና ያነጋግሩት፤ ምን እንዳለ እሑድ ስደውል ይነግሩኛል።

ልጅዎ፣ ከለንደን