«መርከቡ ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ በኋላ፦ ለበጀት ቋሚ ኮሚቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የባሕር ኃይል መርከቦች የመሣሪያ ገጠማና የሙከራ ወጪ ግምትን ይመለከታል

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ባሕር ኃይላችን እንደገና እየተቋቋመ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ትብብር ስምምነት ተፈርሟል፤ የባሕር በር ጉዳይም ከዚያ ወዲህ ከሰው አፍ አልወረደም። ባሕር ኃይል ያስፈልገናል ወይስ አያስፈልገንም የሚለውን ክርክር ለሚያውቁት ትቼዋለሁ። እኔ እንጀራዬን የምበላው የሕንፃ ዋጋ በመገመት ነው። የምጽፍላችሁም አንድ ቀን ጠረጴዛችሁ ላይ ስለሚቀርብ የበጀት መስመር ነው፦ «የጦር መርከብ ግዥ» ስለሚለው።

አዲስ አበባ ላይ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ስትራክቸሩ ቆሞ ጎረቤት «እንኳን ደስ አለህ» ሲል ገንዘቡ አልቋል፤ ፊኒሺንጉ ገና ነው። የጦር መርከብም ከዚህ አይለይም። ባዶውን መርከብ ካለፉት መርከቦች ቶንና ዋጋ ተነስቶ መገመት ይቻላል። መሣሪያ ሲገጠምበት ግን ቶን ብዙ አይነግርም። ክብደቱ ቀላል የሆነ ሌዘር (በጨረር የሚመታ መሣሪያ) ተጨማሪ ጄኔሬተር፣ ማቀዝቀዣ፣ አዲስ የኬብል መስመርና የተጠናከረ ወለል ይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም የማይጽፈው ወጪ አለ፦ መሣሪያው መሥራቱን በባሕር ላይ ተኩሶ ማረጋገጥ።

ይህ ለምን ውድ እንደሆነ አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ታሪክ በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1983 «አንትሪም» የተባለችው የጦር መርከብ ራሷን የምትከላከልበትን ፋላንክስ መድፍ ስትሞክር፣ ዒላማ ሆኖ የተላከው ሰው አልባ አውሮፕላን ተመታ። ተመትቶም ግን አልቀረም፤ ውኃው ላይ ነጥሮ መርከቧን መታት፣ እሳት ተነሳ፣ ተሳፍሮ የነበረ አንድ ሲቪል አስተማሪም ሞተ። ሰው በተሳፈረበት መርከብ ላይ ሚሳኤል በቅርብ ርቀት አነጣጥሮ መሞከር እንደማይቻል ግልጽ ነው። ስለዚህ አሜሪካኖቹ ከአገልግሎት የወጣ መርከብ አዲስ ራዳርና ሚሳኤል እየገጠሙ፣ ያለ ሰው በሬሞት እየነዱ መሞከር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 አገልግሎት ጀምሮ በ2003 የተሰናበተው «ፖል ኤፍ ፎስተር» የተባለ መርከብ ካሊፎርኒያ ፖርት ዋይኒሚ ላይ የተመደበው ለዚህ ሥራ ነው። ከኋላው ጀልባ ይጎትታል፤ የሚላክበት ሚሳኤል የሚያነጣጥረው ጀልባው ላይ ነው።

ለእናንተ የሚጠቅመው ግን ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ጭቅጭቅ ነው። አሜሪካኖቹ በአዲስ ራዳር የተሻሻለ አጥፊ (ዴስትሮየር) የጦር መርከብ ሊሠሩ ሲሉ፣ በወቅቱ የፔንታጎን የሙከራና ግምገማ ዳይሬክተር የነበሩት ማይክል ጊልሞር ይኸው ራዳር ሰው በሌለበት የሙከራ መርከብ ላይም ይገጠም አሉ። ግምቱ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ባሕር ኃይሉ በኮምፒውተር ስሌትና ሰው በተሳፈረባቸው መርከቦች ሙከራ ይበቃኛል ብሎ ተቃወመ። ጊልሞር ዕቃው ከሙከራው በኋላ ተነቅሎ ሌላ መርከብ ላይ ሊገጠም ስለሚችል ወጪው ሁሉ የባከነ አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። ማን ልክ ነበር? በእኔ ግምት ጊልሞር። ይሁን እንጂ ማንም ይርታ፣ ክርክሩ የተካሄደው በይፋ በታተመ ሪፖርትና በቁጥር ነው። እኔን ያስቀናኝ ይኸ ነው።

የመሣሪያው ወጪ ዘግይቶ ሲታሰብ ምን እንደሚመጣም እዚያው አለ። «ዙምዋልት» የተባለው አጥፊ መርከብ 32 ሆኖ ሊሠራ ታቅዶ 3 ብቻ ተሠራ። ለመድፉ ብቻ የተሠራው ልዩ ጥይት ወጪው በጥቂት መርከቦች ላይ ሲከፋፈል የአንዱ ዋጋ ወደ 800,000 ዶላር ወጣና እ.ኤ.አ. በ2016 ግዥው ቀረ። መርከቦቹ ጥይት የሌለው መድፍ ይዘው ተንሳፈፉ። በ2023 ደግሞ ለሁለቱ ማሻሻያ ወደ 155 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ውል ተፈረመ፤ መድፉ እየተነቀለ በምትኩ እጅግ ፈጣን (ሃይፐርሶኒክ) ሚሳኤል ይገጠማል። በ2014 «ፖንስ» በተባለ መርከብ ላይ የተሞከረው ሌዘርም «አንድ ተኩስ ከ1 ዶላር በታች» እየተባለ ተወራለት። ሌዘሩን ለማበጀትና እዚያ ለማድረስ የወጣው ግን 40 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ሻጭ የሚያሳያችሁ የመጀመሪያውን ቁጥር መሆኑን አትጠራጠሩ።

ይህ የሀብታም አገር ጣጣ ነው የምትሉኝ ከሆነ፣ የራሳችንን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» ከአሜሪካ የመጣች ያገለገለች መርከብ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1991 አሰብ ከእጃችን ስትወጣ መርከቦቻችን ወደ የመንና ጅቡቲ ተበተኑ። የቀሩትን ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1996 ያዘቻቸውና ላልተከፈለ የወደብ ኪራይ ለጨረታ አቀረበቻቸው። መርከብ ቆሞም ይበላል፤ ወደብ የሌለው አገር መርከብ ደግሞ የሚበላው በሰው ወደብ፣ በዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም በገበያ ሲወሰን በሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ 100ን እንዳለፈ የምታውቁት እናንተው ናችሁ። ያን ጊዜ በብር የተጻፈ የገጠማ ግምት ቢኖር ኖሮ ምን ይቀርለት ነበር?

ስለዚህ የመርከብ ግዥ ሲቀርብላችሁ በአንድ ድምር አትቀበሉ። ባዶው መርከብ፣ መሣሪያው፣ ገጠማውና ሙከራው ለየብቻ ይጻፉ። በሙከራው ሥር የዒላማው፣ የሚተኮሰው ጥይት፣ የመለኪያ መሣሪያው፣ የደረቅ መትከያው (መርከብ ከውኃ ወጥቶ የሚሠራበት ቦታ) እና የወደቡ ኪራይ ይታይ፤ የት ባሕር ላይ እንደሚተኮስና በማን ፈቃድ እንደሆነም ይነገራችሁ። ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር ጠይቁ፤ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣ ገማች ወይ አልገመተም ወይ ደብቋል። ምስጢር ነው ከተባለ በዝግ ስብሰባ እዩት። ከሁሉ በላይ ግን ግምቱን ከገዢው መሥሪያ ቤት ውጭ የሆነ አካል ይሥራው። አሜሪካ ውስጥ የኮንግረሱ የበጀት ጽሕፈት ቤት የባሕር ኃይሉን የመርከብ ግንባታ ዕቅድ በየጊዜው ራሱ ያሰላል፤ ቁጥሩም ከባሕር ኃይሉ ቁጥር እየበለጠ ነው የሚወጣው።

በሚቀጥለው የበጀት ረቂቅ ውይይት ይህን ለመከላከያ ሚኒስቴር በጥያቄ እንድታቀርቡልኝ፣ መልሱም ምስጢር በማያወጣ መጠን ለሕዝብ እንዲገለጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር
አንድ ግብር ከፋይ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት
ለመከላከያ ሚኒስቴር