ስለ አምፕሊፋየር ስትጽፉ ዋት ብቻ አትቁጠሩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ስለ ቤት ሙዚቃ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ዋቱ የበዛ አምፕ ሳውንድስቴጁን፣ ማለትም ዘፋኙና መሳሪያዎቹ ከፊታችን በየቦታቸው የቆሙ የሚመስሉበትን መድረክ፣ ያሰፋዋል ብላችኋል፣ እንደዛ አይደለም። ዋት ድምፁ ሳይበላሽ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ነው የሚወስነው፣ ዘፋኟን መሀል የቆመች የሚያስመስላት ግን የሁለቱ ቻናሎች፣ የግራና የቀኙ፣ እኩልነት ነው፣ መሀል ላይ ስፒከር የለማ! ከግራና ከቀኝ እኩል የመጣውን አንድ አድርጎ መሀል የሚያስቀምጠው ጆሯችን ነው።

እና ማንም የማያነሳው ነገር የቮልዩም ማዞሪያው ነው። ብዙ አምፖች ውስጥ አንድ ዘንግ ላይ ሁለት የካርቦን ሬዚስተር አለ፣ አንዱ ለግራ አንዱ ለቀኝ፣ ከፍ ሲል ተቀራርበው ይሄዳሉ፣ ማታ ሰው ተኝቶ ዝቅ ስታደርጉት ግን ርካሾቹ ላይ 2 እና 3 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ሊለያዩ ይችላሉ፣ ያኔ ዘፋኟ ሹልክ ብላ ወደ አንዱ ስፒከር ትጠጋለች። ለማወቅ ቀላል ነው፣ ሞኖ የተቀዳ፣ ግራና ቀኙ አንድ አይነት የሆነ ነገር ክፈቱ፣ አይናችሁን ጨፍኑ፣ ከታች ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ድምፁ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ እዛው ነው። በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ቋሚ ሬዚስተሮችን እየቀያየረ የሚሰራ ቮልዩም ላይ ይሄ ችግር የለም ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ግራውንድ፣ ከረንቱ የሚመለስበት የጋራ መስመር። የሁለቱ ቻናል ከረንት በአንድ ቀጭን መስመር ከተመለሰ የግራው ወደ ቀኝ ይገባል፣ መመለሻዎቹን ለየብቻ አምጥቶ አንድ ነጥብ ላይ ማገናኘት ነው መፍትሄው፣ ወጪም የለውም። ግን ሁለት ትራንስፎርመር፣ ለየቻናሉ አንድ፣ ከሌለው አልገዛም ማለት ማጋነን ነው፣ የሸክላ መርፌ እንኳን ግራና ቀኙን የሚለየው ከ25 እስከ 30 ዲሲቤል ቢሆን ነው፣ ደህና የተሰራ ተራ አምፕ ከ60 በላይ ይለያል፣ በሸክላ ደግሞ ስቴጅ ጠበበኝ የሚል ሰው አልሰማሁም።

ቱዩብ አምፕ (በትራንዚስተር ፈንታ የመስታወት ቱቦ ያለው) ጥልቀት ይሰጣል ያላችሁት እንደ ስፒከሩ ነው። የአምፑ የውጤት ኢምፒዳንስ (ከረንቱን የሚቋቋምበት መጠን) 2 ኦም ሆኖ የስፒከሩ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ከ4 እስከ 20 ኦም የሚዋዥቅ ከሆነ ወደ 3 ዲሲቤል የሚጠጋ ከፍ ዝቅ ይፈጠራል፣ ድምፁ ወደፊት የመጣ ወይ ወደኋላ የራቀ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው፣ ስፒከሩን ስትቀይሩ ጥልቀቱም ይቀየራል። ስለዚህ እባካችሁ በሚቀጥለው ስትጽፉ አምፑ ቮልዩሙ ዝቅ ሲል የግራና የቀኙ ልዩነት ስንት እንደሆነ ለክታችሁ አውጡልን፣ ገዢ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ከአንባቢያችሁ