ለደሴና ለኮምቦልቻ የማይንክራፍት ተጫዋቾች የቀረበ ምስጋና

አብራችሁ ማይንክራፍትን (ከብሎክ ዓለም የሚገነባበትን ጌም) የምትጫወቱበት ሰርቨር፣ ማለትም ዓለሙን የሚይዘው ኮምፒውተር፣ ተበላሽቶ ከቆመ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ሥራ ጀምሯል። ለጠበቃችሁን፣ «አብሽሩ» እያላችሁ መልእክት ለላካችሁልን፣ ሁላችሁም ክበሩልን። በጌሙ ውስጥ የገነባችሁት ዓለም እንዴት እንደተረፈ ማወቅ ይገባችኋል፤ የማን ውለታ እንዳለብንም እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

መጀመሪያ ፒያሳ ለሚሠሩት የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ ጋሼ። ሰርቨሩ በየሰዓቱ ሲጠፋ ሁሉም የጠረጠረው ራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ነበር። እሳቸው ግን የፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል) ቢጫና ጥቁር ሽቦ፣ 12 ቮልት የሚወጣበትን፣ በመልቲሜትር ሁለት ጊዜ ለኩ። ሥራ ሳይበዛበት 12.1 ቮልት፣ ጌሙ ሲከፈትና ሥራ ሲበዛበት 11.1። ከ11.4 መውረድ የለበትም። ያለ ሥራ ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» የሚል ብዙ ነው፤ ሕመሙ የሚታወቀው ሲጫን ነው። ፓወር ሰፕላዩ ሲከፈት ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ክፍሎች) አናታቸው አብጧል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር የሚገባው ድንገተኛ ኃይል፣ ከሙቀት ጋር ተደምሮ፣ ያደክማቸዋል። (ለመክፈት የምታስቡ ልጆች አደራ፦ ሶኬቱ ተነቅሎም ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።)

የሃርድ ዲስክ ሞተር የሚዞረው በዚያው 12 ቮልት ነው። ሁለቱ ዲስኮች በሬይድ 1 አንዱ የሌላው ግልባጭ ነበሩ፤ የሚመገቡት ግን ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ስለሆነ አብረው ተጎዱ። ባክአፑም (መጠባበቂያ ቅጂው) እዚያው ላይ ነበር። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ።

ትልቁ ውለታ የትዕግሥታችሁ ነው። «ቶሎ አስነሡት» ብላችሁ ብትጫኑን ኖሮ በታመመው ዲስክ ላይ የጥገና ፕሮግራም ማስኬድ ይመጣ ነበር። ያ ፕሮግራም ዲስኩ ላይ ስለሚጽፍ ሊድን የሚችለውን ሊያጠፋ ይችላል። ስለጠበቃችሁ ግን አንድም ነገር ሳይጻፍበት ዲዲሬስኪዩ በሚባል፣ ከታመመ ዲስክ መረጃ በሚያወጣ ፕሮግራም ወደ ጤነኛ ዲስክ ተገለበጠ። መጀመሪያ አስቸጋሪውን ቦታ እየዘለለ ቀላሉን ያወጣል፤ ከዚያ ወደ ዘለላቸው ተመልሶ በታዘዘው ቁጥር ልክ ደጋግሞ ይሞክራል። ዲስኩ ሲግል እያቆሙ ማሳረፍ ስለሚያስፈልግ ቀናት ፈጀ፤ የት እንደደረሰ የሚመዘግብ የካርታ ፋይል ስላለው ግን ካቆመበት ይቀጥላል። ጥገናው ሁሉ የተሠራው በግልባጩ ላይ ነው።

ሌቭል ዳት የሚባለው፣ የዓለሙን ዋና መረጃ የሚይዘው ፋይል ተበላሽቶ ነበር፤ ጌሙ ራሱ በሚያስቀምጠው የቀድሞ ቅጂ ተተካ። አንድ የሪጅን ፋይል (የዓለሙን አንድ ክፍል የሚይዝ) ግን አልድንም አለ። አንዱ ፋይል 512 በ512 ብሎክ መሬት ይይዛል፤ በጌሙ ውስጥ የሠራችሁት የደሴው አይጠየፍ አዳራሽ አምሳያ የቆመው ደግሞ እዚያ ላይ ነበር። የተበላሸው ፋይል ሲወገድ ጌሙ መሬቱን ከሲዱ (ዓለሙ ከተፈጠረበት ቁጥር) እንደ አዲስ ይሠራዋል። ተራራው ይመለሳል፣ የሰው እጅ ሥራ አይመለስም። የሆጤ ሰፈር ልጆች አዳራሹን ወርልድ ኤዲት በሚባል የግንባታ መሣሪያ ቀድተው ያስቀመጡትን ስኬማቲክ (የግንባታ ቅጂ ፋይል) በፍላሽ አመጡልን። ትክክለኛ ቦታው የተገኘው ደግሞ ኮምቦልቻ ያለች እህታችን ኤፍ 3 ተጭና ካነሣቻቸው ስክሪን ሾቶች ነው፤ ኮኦርዲኔቱ (የቦታው ቁጥር) በግራ በኩል ይነበባል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አዳራሽ ጡብ በጡብ ቆጥራችሁ የሠራችሁ ልጆች፣ እጃችሁ ይባረክ። ያ ሥራ ጠፍቶ ቢቀር ያመን ነበር።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) እና ስታቢላይዘር (የመብራቱን መዋዠቅ የሚያስተካክል) ለሰጡን የኮምቦልቻው ኤሌክትሪሺያን ወንድማችን፣ አላህም እግዚአብሔርም ይስጥልን። የዩፒኤሱ ባትሪ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ነው፤ ሰርቨሩ 120 ዋት ስለሚበላ በወረቀት 40 ደቂቃ ቢባልም በተግባር ግማሹን ቢሰጥ ነው። ስለዚህ መብራት ከሄደ 5 ደቂቃ ቆይቶ ሰርቨሩ ዓለሙን አስቀምጦ ራሱን ያጠፋል። መብራት ሲመለስም ወዲያው አይነሣም፤ 10 ደቂቃ ይጠብቃል፣ መጀመሪያ ላይ ስለሚዋዥቅ።

ባክአፑ ከእንግዲህ በየሌሊቱ ሴቭ ኦፍ (በራስ ማስቀመጡን አቁም) እና ሴቭ ኦል (ያለውን ሁሉ አስቀምጥ) የሚሉ ትእዛዞች ተሰጥተው ይቀዳል። አንዱ ቅጂ በሌላ ዲስክ፣ አንዱ ደግሞ የሐረጎን ተራራ ወርዶ ኮምቦልቻ ይቀመጣል።

በጌሙ ውስጥ ዕቃ ያስቀመጠበት ሣጥን ባዶ የሆነበት ካለ የጨዋታ ስሙንና የሣጥኑን ኮኦርዲኔት ይላክልን፤ ስክሪን ሾት ካለው የነበረውን እንመልሳለን።