ለአስተማሪዋ ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ባለፈው በስልክ ያነሳሽው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ታሪክን በጌም ላስተምር ብትዪ አንዳንድ ወላጆች «ልጄን የላክሁት ሊማር ነው ወይስ ሊጫወት?» ማለታቸው አስከፍቶሻል። እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። አባትሽ ስለሆንኩ ብቻ ግን አይደለም።

ይህ ነገር ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ የምንኖርባት ሚኒያፖሊስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 ዶን ራዊች የሚባል፣ እንዳንቺ ገና ልምምድ ላይ ያለ የታሪክ መምህር ለ8ኛ ክፍል በአሜሪካ ወደ ምዕራብ ስለተጓዙት ሰፋሪዎች ሊያስተምር ነበር። ከሁለት የሂሳብ መምህራን ጓደኞቹ ጋር ሆኖ «ኦሪገን ትሬይል» የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም በሁለት ሳምንት ገደማ ሠሩት። ስክሪን የለም። ቴሌታይፕ የሚባል የጽሕፈት መኪና በስልክ መስመር ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል፤ መልሱ ወረቀት ላይ እየታተመ ይወጣል።

ጌሙ ውስጥ ተማሪው እንደ ሰፋሪ ሆኖ 700 ዶላር ይሰጠዋል። ለበሬ ስንት ያውጣ? ለምግብ፣ ለጥይት፣ ለልብስ፣ ለመድኃኒትስ? እስከ ኦሪገን ያለው መንገድ 2,040 ማይል ነው። ምግብ ላይ ከቆጠበ ይራባል፤ ልብስ ላይ ከቆጠበ ተራራው ላይ ብርድ ይጥለዋል። መጽሐፍ «ብዙዎች መንገድ ላይ ሞቱ» ሲል ልጁ አንብቦ ያልፋል። እዚህ ግን የወሰነው ራሱ ስለሆነ ለምን እንደሞተ ማወቅ ይፈልጋል።

አሁን በየትምህርት ቤቱ «ጌም አስገባን» ከሚባለው ብዙው ነጥብ ማደል ነው። የቤት ሥራ ለሠራ ኮከብ፣ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ኮከብ። እሱን ተዪው። ልጆች ጌም ላይ የሚቆዩት ለኮከቡ ብለው አይመስለኝም። ወድቀው እንደገና መጀመር ስለሚችሉ ነው። እኛም ገበጣ ስንጫወት ተሸንፈን ጠጠሩን መልሰን እንደረድር ነበር፤ በሚቀጥለው ዙር ግን የት እንደተበላን አንረሳም። ክፍልሽ ውስጥ ይህን አስገቢ። የሞተበት ተማሪ የት ላይ እንደተሳሳተ በአንድ ገጽ ይጻፍ፣ ከዚያ እንደገና ይነሳ። ማርኩን ለጽሑፉ ስጪው፤ ኦሪገን ለደረሰ ብቻ አትስጪ።

ደግሞ ጌሙን እንዳለ አትመኚው። የድሮው ኦሪገን ትሬይል ነገሩን የሚያየው በሰፋሪው ዓይን ብቻ ነበር። መሬቱ ላይ ቀድመው የኖሩት ሕዝቦች ለሰፋሪው መንገድ ላይ እንደሚገጥሙ ነገሮች ነው የቀረቡት። ጌምሎፍት የሚባለው የጌም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 አዲሱን ሲያወጣ የእነዚህን ሕዝቦች ታሪክ የሚያጠኑ ምሁራን አማክሯል። ተማሪዎችሽ የድሮውንና አዲሱን አስተያይተው ከታሪኩ ማን እንደቀረ ይፈልጉ። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች አሉሽ። ሰው አገሩን ሲለቅ ምን ይዞ ምን እንደሚተው ቤታቸው ሲወራ ሰምተዋል። ጠይቂያቸው፤ ከእነሱ የሚወጣው ጌሙ ውስጥ የለም።

ወላጆቹን ደግሞ በክርክር አታሸንፊያቸውም። ቅዳሜ ጥሪያቸውና ከልጆቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ያንን 700 ዶላር ይመድቡት። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እኔ መጥቼ አስተረጉማለሁ። ቀኑን ብቻ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፣ ከሥራ እንድጠይቅ።

አባትሽ