የቮይስሽ መልስ

እህትአለሜ እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ አደጉ? ከፋሲካ በፊት የላክሽልኝን ቮይስ እስካሁን ሳልመልስልሽ አለ፣ ይቅር በይኝ። ቀኑን ሙሉ ከደምበኛ ጋር ሳወራ ውዬ ማታ ቤት ስገባ የማንንም ድምፅ መስማት አልችልም ነበር፣ ያንቺን እንኳን።

ያው አብረን የሠራንበት ኮል ሴንተር ነው ያለሁት፣ አሁን ቲም ሊደር ሆኛለሁ፣ 14 ልጆች ስሬ አሉ። እና ምን ልበልሽ፣ እኛን ያስለቀሰንን ነገር ሁሉ በተራዬ እነሱ ላይ ደገምኩት፣ ሽንት ቤት ስንት ደቂቃ ቆየሽ፣ ታርጌትሽ የት ደረሰ እያልኩ። አንዷ እናቷ ታማባት ሺፍት ቀይሪልኝ ስትለኝ እምቢ አልኳት፣ የዛን ቀን ስልክ ላይ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ አንድም ሳትሸጥ ወጣች፣ በሳምንቱ ደሞ ሥራውን ለቀቀች። ከውስጤ አልወጣ አለኝ።

ከዛ በኋላ ነው በፈረንጆቹ 2019 የወጣ አንድ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ያነበብኩት። ብሪቲሽ ቴሌኮም የሚባል የእንግሊዝ የስልክ ኩባንያ ውስጥ ልክ እንደኛ ስልክ ላይ የሚሸጡ 1,800 ገደማ ሠራተኞችን 6 ወር ተከታተሏቸው፣ በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ሳምንቱ እንዴት ነበር፣ ከዛ ከፈገግታ እስከ ኩርፊያ ካሉት ኢሞጂዎች አንዱን ትመርጪያለሽ። ደስ ባላቸው ሳምንት ሽያጫቸው 13 በመቶ ገደማ ጨመረ፣ ትርፍ ሰዓት ሳይሠሩ! በዛው ሰዓት ብዙ ሰው ያስተናግዳሉ፣ ካናገሩትም ሰው የሚገዛው ይበዛል። እኔ መጀመሪያ ስለሸጡ ይሆናል ደስ ያላቸው ብዬ ነበር፣ አጥኚዎቹም ይሄን አስበውበታል፣ ለዛ የአየር ጠባዩን አዩ፣ ሽያጭ ሰማዩን አይቀይርማ፣ በመስኮት የሚታየው ሰማይ ሲጨልም የሰዎቹ ስሜት ይወርዳል ሽያጩም አብሮ ይወርዳል። መስኮት የሚለው ላይ ስደርስ ያ መጋረጃው ተከፍቶ የማያውቅ ክፍላችን ትዝ አለኝና አለቀስኩ።

በማግስቱ መጋረጃውን ከፈትኩት። ሺፍት እርስ በርሳቸው እንዲቀያየሩ ፈቀድኩ፣ ጠዋት ከታርጌት በፊት እንዴት አደራችሁ እላለሁ መልሱንም ቆሜ እሰማለሁ። ደሞዙ ያው ነው፣ የቤት ኪራይ እንዴት እንደሚያስጨንቃቸው አውቃለሁ፣ እሱን ከላይ ካሉት ጋር ገና እየተከራከርኩበት ነው። ግን ከዛ ወዲህ ማንም አልለቀቀም፣ ሽያጩም ከፍ ብሏል።

ለዛች ልጅ ደወልኩላት፣ ይቅርታ ጠየቅኳት። እናቷ ተሽሏታል።

እሁድ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ እደውልልሻለሁ፣ ብዙ እናወራለን።