የኮምፒውተር ክበብ፦ በኤክሴል የበረረው አውሮፕላን

ዘንድሮ መስከረም ላይ ክበባችን የአውሮፕላን ሲሙሌተር (በረራን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ሊሠራ ነው ሲባል ብዙ ተማሪ ተመዘገበ። ጌም መስሏቸው የመጡት ሒሳቡን ሲያዩ ሹልክ አሉ። ይህ ዘገባ የጸኑት ሥራ ነው።

በቅድሚያ ፍላይትጊር የተባለውን ነፃ ሲሙሌተር ጭነን ሴስና 172 የተባለውን ትንሽ አውሮፕላን ፋይል ከፈትን። ውስጡ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የክንፉ ስፋት 174 ካሬ ጫማ (ወደ 16.2 ካሬ ሜትር ቀየርነው)፤ ቀጥሎ ክንፉ ከሚመጣበት አየር ጋር በሚሠራው ማዕዘን ልክ የማንሳት ኃይሉ ምን ያህል እንደሚሆን የሚያሳይ ሠንጠረዥ። ማዕዘኑ ሲጨምር ኃይሉም ይጨምራል፤ ከ16 ዲግሪ ገደማ በኋላ ግን ያሽቆለቁላል። አብራሪዎች ስቶል የሚሉት ይህንን ነው።

ከዚያ በኤክሴል የራሳችንን ጀመርን። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቅጽበት ነው፤ ክብደት፣ ማንሳት፣ የአየር ጉተታና የሞተር ግፊት ተደምረው የቀጣዩን ረድፍ ፍጥነት ይሰጣሉ። በረድፎቹ መካከል አንድ ሰከንድ ስንተው፣ በሰከንድ 50 ሜትር የሚበረው አውሮፕላናችን ሽቅብ ቁልቁል ይል ጀመር። ውዝዋዜው በየዙሩ እየባሰ ሄዶ በመጨረሻ ከመሬት በታች መብረር ያዘ! ሁሉም ቀመሩን ተራ በተራ ፈተሸ፤ ስህተት የለም። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ክፍተቱን ወደ 0.1 ሰከንድ ብታወርደው፣ በዚያው ቀመር ውዝዋዜው በየ23 ሰከንዱ እየተመላለሰ ረገበ። እውነተኛ አውሮፕላንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ፍላይትጊር በሰከንድ 120 ጊዜ የሚያሰላው ለምን እንደሆነ ተማሪዎቹ ያን ቀን ገባቸው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ረድፎቹን በካልኩሌተር እንቀጥል ነበር፤ ሳይወዱ በግድ ቀመሩን በቃላቸው ያዙት።

እኔን ከሁሉ ያስደሰተኝ የጅማ ስሌት ነው። አባ ሰጉድ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው 85 በመቶ ያህል ነው። ባሕር ጠለል ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 91 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ስቶል የሚያደርገው ሴስናችን እዚህ በ99 ያደርጋል። ሞቃት ቀን ከሆነ ይብሳል። ይህን የዘነጋ ሲሙሌተር ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ሠልጣኙን የተሳሳተ የእጅ ልማድ ያስይዘዋል። ለዚህም ነው የትላልቅ ማሠልጠኛ ሲሙሌተሮች ሒሳብ ከእውነተኛ የሙከራ በረራ በተገኘ መረጃ የሚመሳከረው።

የኛ አውሮፕላን ገና ወደ ጎን አያዘነብልም፣ አይዞርም፤ እሱ የከርሞ ሥራ ነው። ቬክተር ያልገባው ተማሪ ቢመጣ እናስተምረዋለን፤ ጆይስቲክ ፍለጋ የሚመጣ ግን ክበቡ አንድም እንደሌለው ከወዲሁ ይወቅ።